ይድነቃቸው ወይስ መንግሥቱ? የማንን ፎቶግራፍ እንስቀል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል)



ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለመሰብሰቢያ ክፍላችን ግድግዳ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አሳድገን፣ በመስታወት አድርገን እንድንሰቅል ገንዘብ ተዋጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ይሁን ተባለ፤ በዚህም ተስማማን። የቡና ደጋፊዎች በስንት ልመና እንደ ፈቀዱልን እናውቃለን፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበር። የማን ይሁን የተባለ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ፎቶግራፍ ነው። ግማሹ ይድነቃቸው ተሰማ አለ፣ ግማሹ መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ደግሞ ሳላዲን ብለው ጮኹ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ሽማግሌዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጎን ለጎን እንዳልተቀመጡ ግን ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

ኮሚቴው እኔን እንድናገር የመረጠኝ ወገን የለውም ብሎ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ወገን አለኝ፣ አልደብቀውም።

በመጀመሪያ የዓይን ምስክርነቴ እስከምን ድረስ እንደሆነ ልናገር። እኔ ካዛንቺስ የተወለድኩት በ1950 ዓ.ም. ነው። አቶ ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ መጫወት ያቆሙት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ እሳቸውን ሲጫወቱ አየሁ ብል ውሸታም ነኝ። መንግሥቱን ግን አይቸዋለሁ። ከዚህ ተነሥተን በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ቁልቁል ወርደን፣ ስታዲየም በር ላይ «አጎቴ፣ አስገባኝ» እያልን የማናውቀውን ሰው እጅ ይዘን እንገባ ነበር። ካታንጋም ሚስማር ተራም ለእኛ አንድ ነበር፤ የተገኘበት መቆም ነው። ያኔ ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ኳሱ መንግሥቱ ዘንድ ሲደርስ ሰው በሙሉ ከመቀመጫው ብድግ ስለሚል እኔ ቁመቴ አይደርስም፤ ጎል መግባቱን የማውቀው በጩኸቱ ነበር። ስለዚህ የእኔ የዓይን ምስክርነት ግማሹ የጆሮ ነው።

ወደ አቶ ይድነቃቸው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ወጣቶቹም ታገሡኝ።

ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ነው፤ የመሠረቱትም ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ናቸው። ጣልያን አገራችንን ወርሮ ጦርነቱ የሚፋፋምበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የተፈሪ መኮንን ተማሪ የነበረው ይድነቃቸው ዕድሜው 14 ነው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው፤ እኒያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ማለቴ ነው። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ለነጩ ሌላ፣ ለአገሬው ሰው ሌላ ውድድር አደረገ፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይገናኝ። የቡድኑንም ስም አስቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አስባለው። እኛም እኮ ብንሆን የሰፈራችን ስም የዚያው ዘመን ቅሪት ነው፤ ካዛንቺስ ማለት ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው መሥሪያ ቤት ስም በእኛ አፍ ሲጠራ ነው። ልዩነቱ እነሱ የገዛ ስማቸውን አስመልሰዋል።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ጊዮርጊስ የገጠመው እነማንን ነበር? የአርመኖቹን አራራት፣ የግሪኮቹን ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹን ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንን ቡድን ነው። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ስለ ይድነቃቸው ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር በ365 ጨዋታ 318 ጎል የሚል ነው። የመንግሥቱ ወገኖች «ያኔ ቡድኑ ጥቂት፣ ተጋጣሚው ደካማ ነበር» ይላሉ። ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ደካማ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። አገርህን ይዞ በከረመ ሰው ወገን ላይ ጎል ማግባትና ዛሬ በሊጉ ግርጌ ያለ ቡድን ላይ ጎል ማግባት በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ደግሞም 365 ጨዋታ ማለት 23 ዓመት ገደማ በአንድ ማሊያ ማለት ነው። ከመቶ ጨዋታ 87 ጎል! ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ አንድ ወር አያድርም፤ ወስደው ይሸጡታል።

መንግሥቱን ደግሞ እንየው። የእሱ ሒሳብ አጭር ነው፤ ቀኑና ደቂቃው ግን ተቆጥሮ ይታወቃል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እዚሁ ስታዲየማችን፣ ጃንሆይ ተቀምጠው ሲያዩ፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ገጠመች። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0 ቀጥታናለች። በዚያ ቀንም ባዳዊ የተባለው ልጃቸው በ35ኛው ደቂቃ አገባብን። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ። በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደገመ፤ የደስታችን ዕድሜ አንድ ደቂቃ ነበረች ማለት ነው። በ84ኛው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። ጭማሪ ሰዓት ተገባ። በ101ኛው ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት አባቴ ሲያወራልን ሁልጊዜ እጁን ጭኑ ላይ ያሽ ነበር። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ፣ አበቃ። 4 ለ 2። ከዚያ በፊት በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይ ሁለት አግብቷል። ሦስት ጎል ሆነለትና የውድድሩን ኮከብ አግቢነት ከዚያው ከግብፁ ባዳዊ ጋር ተካፈለ።

የይድነቃቸው ወገኖችም መልስ አላቸው፦ «አራት አገር ብቻ የተካፈለበት ውድድር፣ ሁለት ጨዋታ ብቻ» ይላሉ። እሱም እውነት ነው፤ እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ነበርን። ግን መንግሥቱ በዚያ አላቆመም። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ያገባቸው ጎሎች 10 ደርሰዋል። ከኛ አገር ሰው እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ሁለት ዋንጫ የወሰደውን ቡድን በጭማሪ ሰዓት፣ እግር በዛለበት ደቂቃ ማግባት ደግሞ ልብ ይጠይቃል።

ሉቻኖ ለምን ከውድድሩ ቀረ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ትልቅ ተጫዋች ነው፣ ክርክር የለኝም፤ ነገር ግን የአስመራ ልጅ ነው፣ የተጫወተውም በአስመራና በድሬዳዋ ቡድኖች ነው። የእኛ ስብሰባ የወሰነው የጊዮርጊስ ሰው እንዲሆን ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ቀን አሠልጣኙ ማን ነበር? አቶ ይድነቃቸው ናቸው። መንግሥቱ ያገባት አራተኛ ጎል የሁለቱም ናት ማለት ነው። ይህን ሳስብ ጠባችን ያስቀኛል። ደግሞም ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እስካሁን ስናገር ይድነቃቸውን ከልጅነታቸው በስተቀር «አንቱ» እላለሁ፣ መንግሥቱን «እሱ» እላለሁ። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። አንደኛው አባት ነው፣ ሁለተኛው የሰፈር ልጅ። መንግሥቱም እኮ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አድርሶታል፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሲሞትም ትልቅ ሰው ነበር። ግን ለእኛ ሁልጊዜ መንጌ ነው።

ወደ ወጣቶቹ። ሳላዲን ሰይድን አላንቋሽሽም። በግብፅ ለዋዲ ዴግላና ለአህሊ፣ በቤልጅግም ለሊርስ ተጫውቶ ስማችንን ያስጠራ አግቢ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እዚሁ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስን ዕለት አንደኛዋን አዳነ ግርማ፣ ሁለተኛዋን ሳላዲን አገባ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ በዚያን ምሽት መስቀል አደባባይን አቋርጦ ቤት መድረስ አልተቻለም። በደቡብ አፍሪካው ጨዋታ ግን ዛምቢያ ላይ የተሰጠንን ፍጹም ቅጣት ምት ሳላዲን ስቷል፤ በረኛው አወጣበት። አቻ ያደረገን፣ ያውም በ10 ሰው እየተጫወትን፣ የዚያን ጊዜው የጊዮርጊስ ልጅ አዳነ ነው። ቀኑ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥር 13 ቀን 2005። ከመንግሥቱ ጎል 51 ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ። ስለዚህ ወጣቶቹ ዕጩ ካስፈለጋቸው አዳነን ቢያቀርቡ ይሻላቸው ነበር። ደግሞ ሁለቱም በሕይወት ያሉ ናቸው፤ በሕይወት ያለ ሰው ግድግዳ ላይ ለመስቀል አንቸኩል።

ሌላው የሰማሁት አሳብ የ1954ቱን ብሔራዊ ቡድን ፎቶግራፍ እንስቀልና ሁለቱም ይግቡበት የሚል ነው። አሳቡ ለዕርቅ ጥሩ ነው። እኔ ግን እቃወማለሁ። አንደኛ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ፊታቸው የባቄላ ፍሬ አያክልም። ሁለተኛ፣ መወሰን አቅቶን ነው እንጂ ወደነው አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማን ትልቅ ሰው ነው ከተባለ አቶ ይድነቃቸው ናቸው፣ አከራካሪም አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 እስኪያርፉ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ ተነፍጋ በነበረበት ጊዜ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የ1966ቱን የፈረንጆች ዓለም ዋንጫ አድማ አስመቱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቦታው የተሰጠን። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ እስካለች ድረስ አትግባ ብለው ተሟግተዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በኮትና በከረባት የተሠራ ነው። ስብሰባችን የወሰነው «ተጫዋች» ብሎ ነው። ስለ ተጫዋች ከተባለ፣ እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ይዤ፣ ድምፄ ለመንግሥቱ ነው።

ይህን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ትናንት ግን እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እማማን፣ በ2017 ዓ.ም. ቤታችን ሲፈርስ ከእኛ ጋር የተነሡትን፣ ልጠይቃቸው ገላን ጉራ ሄድኩ። ይድነቃቸውን በዓይናቸው ያዩት ከመካከላችን እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በልጅነታቸው ታላቅ ወንድማቸው ይወስዳቸው ነበር። ምን ዓይነት ተጫዋች ነበሩ አልኳቸው። ስለ እግሩ፣ ስለ ጎሉ ምንም አላሉኝም። «ወንድሜ ከቤት ሳይወጣ የሚጠይቀው ጊዮርጊስ ይጫወታል ወይ ብሎ አልነበረም፤ ይድነቃቸው ይሰለፋል ወይ ብሎ ነበር። አይሰለፍም ካሉት ጫማውን ያወልቃል» አሉኝ። በታክሲ ስመለስ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። ቁጥር አይደለም፣ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ግን እኔም በልጅነቴ ስለ መንግሥቱ እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም፤ ማንም ይሰለፍ ማን እሄድ ነበር።

አባቴ የ1954ቱን ጋዜጣ ቆርጦ ያስቀመጠውን ሥዕል ልታዩት ይዤላችሁ ብመጣ ደስ ባለኝ። ዕቃ ስንጭን በአንዱ ካርቶን ውስጥ ነበረ፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም። እናንተም የድሮ ሥዕል፣ የመግቢያ ቲኬት፣ ማንኛውም ወረቀት ካላችሁ ሳትጥሉ ለጸሐፊያችን አሳዩልን፤ ኮፒ ተደርጎ ይመለስላችኋል።

ምርጫው በሚቀጥለው ስብሰባ ይደረጋል። ከሩቅ መምጣት ያልቻለ አባል በእድራችን ሰብሳቢ በኩል በስልክ ድምፁን መስጠት ይችላል። በወረቀቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ይጻፍ፤ ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት አይቆጠርም።