በማሕፀን ያለውን ሕፃን ስለ ማዳመጥ



ባለፈው ጊዜ ስንገናኝ ከእናንተ መካከል አንዳንዶች፣ «ለወላድ እናቶች ትልቅ መሣሪያ እንግዛ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ዛሬ መልሳችንን ይዘን ቀርበናል።

በምጥ ጊዜ ማሕፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል። ጤነኛ ፅንስ ይህን ይችላል። የደከመው ፅንስ ግን ኦክስጅን ሲያንሰው የልቡ ምት ይለወጣል። ይህን ለማወቅ እናቲቱን መውጋትም ሆነ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ማዳመጥ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናር እ.ኤ.አ. በ1895 የሠራው የቀንድ ቅርጽ ያለው ማዳመጫ ባትሪም መብራትም ሳይፈልግ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በእጅ የሚያዘው ዶፕለር ደግሞ ድምፁን ለእናቲቱም ጭምር ያሰማል።

አዋላጅዋ የእናቲቱን የእጅ ትርታ ይዛ የፅንሱን ምት ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ትቆጥራለች፤ አለዚያ የእናቲቱን ምት የልጁ ነው ብላ ልትሳሳት ትችላለች። ጤነኛ ምት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ምጡ እንደ ያዘ ጀምራ፣ ከለቀቀም በኋላ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ማዳመጥ አለባት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ምጡ ከጠና በኋላ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በምታምጥበት ጊዜ ደግሞ በየ5 ደቂቃ ይደመጣል።

ትልቁ መሣሪያስ? እርሱ ምቱን ሳያቋርጥ በወረቀት ላይ ይጽፋል። በደብሊን ወደ 13 ሺህ በሚጠጉ ወላዶች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል። በመሣሪያው ክትትል ከተደረገላቸው ወላዶች በተወለዱት አራሶች ላይ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ግን አልቀነሰም። ከሌሎች ጥናቶች ጋር ሲጠቃለልም በቀዶ ጥገና የሚወልዱት በርክተው ታይተዋል። ስለዚህ ድርጅቱ ጤነኛ ለሆኑ ወላዶች ይህን መሣሪያ አይመክርም።

እኛም በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለው መሣሪያ ወረቀቱ አልቆበት፣ በጨርቅ ተሸፍኖ አይተናል። በዚያው ክፍል አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻዋን ሦስት ወላዶችን ትጠብቅ ነበር። ሦስቱንም በየሰዓቱ እየዞረች ለማዳመጥ እንዴት ይቻላታል? የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነበር።

ስለዚህ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ለአዋላጆች ማሠልጠኛ፣ ለማዳመጫ መግዣ፣ ወላዷን ወደ ሆስፒታል ለሚያደርሰውም መኪና ነዳጅ ቢውል ይሻላል እንላለን። ምቱ ተዛብቶ ሲገኝ ቀዶ ጥገና ወዳለበት የሚያደርስ ነገር ከሌለ፣ መስማቱ ብቻውን ልጁን አያድነውም።

በየቤታችሁም አንድ ሥራ አለ። ነፍሰ ጡሯ «የልጁ እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ» ስትል፣ «ነገ ይሻለዋል» አትበሏት። ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከሁላችንም በፊት ልጁን የምታውቀው እርስዋ ናትና።