ክንድና ጣት ከአንድ ሰው
(በመካነ ሰላም ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስንለያይ «በሚቀጥለው ስለ ባቡር እናወራለን» ብዬ ነበር። በማግስቱ አንዲት እናት መንገድ ላይ አገኙኝና «ምነው ልጄ፣ ወፍጮው ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በገጠራችን ባቡር ሲባል እህል የሚፈጨውም ባቡር ነውና። ዛሬ የማወራችሁ ግን በሐዲድ ላይ ስለሚሄደው ነው፤ እሱም ቢሆን ስለ ትልቁ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ስለሚሄደው ትንሽ ባቡርና ከጎኑ ስለሚቆሙት ትንንሽ መኪናዎች ነው። ይህ በጨርቅ የተሸፈነው ምንድን ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፣ በኋላ እገልጠዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ትልቁ አንድ ሁለት ቃል ልበል። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲዳችን በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን ሰፋ ይላል፤ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

በውጭ አገር ይህን ሁሉ አሳንሰው ሳንቃ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ተራራው፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው፣ ዕቃ የተሸከመው ኩሊ ሳይቀር ይሠራል። ሥራው የልጆች ብቻ አይደለም፤ ሽበት ያወጡ ሰዎች ከሥራ መልስ ቁጭ ብለው የሚደክሙበት ነው። ታዲያ ባቡር ጣቢያ ያለ መኪና ባዶ ነው። ጭነት የሚጠብቅ መኪና፣ ታክሲ፣ አውቶቡስ ያስፈልገዋል። እነዚህን አንድ በአንድ እየገዙ ያጠራቅማሉ። በእንግሊዝ አገር ሆርንቢ የተባሉትን ትንንሽ ባቡሮች የሚሠራው ፋብሪካ በ1933 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከባቡሮቹ ጎን የሚቆሙ ትንንሽ መኪናዎች አወጣ፤ እነሱም ቆየት ብሎ ዲንኪ ተባሉ። አሰባሳቢዎቹ ስለ ዘመኑም ይጠነቀቃሉ። በ1960ዎቹ የነበረውን ለገሃር የሚሠራ ሰው ኤንትሬ የምንለውን ፊያት ቢያቆም ያምርበታል፣ የዛሬውን አይሱዙ ቢያቆም ግን ይሳቅበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ልኩ ነው። ትንንሾቹ ባቡሮች በብዛት የሚሠሩት አንድ ለሰማንያ ሰባት በሚባለው ልክ ነው። ሲጻፍ 1፡87 ይሆናል። እውነተኛው ነገር 87 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ትንሹ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። 8 ሜትር የሚረዝም የጭነት መኪና ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መቀነሱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁሉም እኩል እጥፍ መቀነስ አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የአንድ ጓደኛዬ አጎት ከጀርመን አገር ትንሽ ባቡር አመጡለት። አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ሐዲዱን ዘረጋን፣ ከካርቶን አሮጌውን ለገሃር ሠራን። የትንሹ ሐዲድ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በ87 አባዙት፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ የአዲሱ መስመር ቁጥር ይመጣል። የአሮጌው ሐዲድ ሜትር ግን በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አሮጌውን ጣቢያ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አቆምነው ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ስህተታችን ነው፤ እሱን ማንም አላየብንም።

የመኪናዎቹን ግን ሁሉም አየው። ለትራንስፖርት ከያዝነው ገንዘብ ቆጥበን መርካቶ ሄድንና አራት መኪናዎች ገዛን፤ አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ የጭነት መኪናና ላንድሮቨር። ቀለማቸው ያምራል፣ በራቸው ይከፈታል። ወስደን ጣቢያው በር ላይ ስናቆማቸው አውቶቡሱ ከታክሲው እኩል ሆነ! የላንድሮቨሩ ጣራ የጣቢያውን መስኮት ሸፈነው። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ቆማ አየችና «ላንድሮቨሩን የሚነዳው ሰውዬ በዚህ በር እንዴት ይገባል?» አለች። መልስ አጣን። ዕቃውን ልንመልስ ብንሄድ የተሸጠ አይመለስም ተባልን። ነጋዴውን አልወቅስም፤ እሱ መጫወቻ ሸጠ፣ እኛ ልኩን ሳንጠይቅ ገዛን። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ላንድሮቨሩን ገልብጠን ብናየው ሆዱ ላይ 1፡43 የሚል ተጽፎበታል። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች አራት ዕቃ ስንገዛ አንዱን እንኳ ገልብጠን አላነበብንም።

አውቶቡሱና ታክሲው እኩል የሆኑበት ምክንያት ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። እንግሊዝ አገር የአንድ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቷ በክብሪት ሣጥን ውስጥ ከሚገባ በስተቀር መጫወቻ ይዞ መምጣት ይከለክላል። አባትየው ጃክ ኦዴል የመንገድ መዳመጫ መኪና አሳንሶ ሠራላትና በክብሪት ሣጥን ይዛ ሄደች። ከዚያ በ1953 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የክብሪት ሣጥን፣ በቋንቋቸው ማችቦክስ፣ የተባሉት መኪናዎች ለገበያ ወጡ። ዘዴው ብልህ ነው፣ ዋጋውም ለድሃ ልጅ የሚደርስ ነበር። ነገር ግን ትልቁም ትንሹም መኪና በሣጥኑ ልክ ስለሚቆረጥ አውቶቡሱ ብዙ እጥፍ፣ ታክሲው ጥቂት እጥፍ ይቀንሳል። ለብቻቸው ሲያዩአቸው ሁለቱም ያምራሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው ነገር የሚበላሸው።

እንግዲህ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? ገልብጦ ያንብብ። 1፡87 ካለ ለዚያ ባቡር ይሆናል። 1፡64 ወይም 1፡43 ካለ ይተልቃል። ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ መኪናው ይተልቃል፤ ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፣ እኔንም አሳስቶኛል። ምንም ካልተጻፈበት ማስመሪያ ይዞ በሩን ይለካ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ።

ከእናንተ የአንዱ ልጅ ከብት ይጠብቃል። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የሚመጣው አይሱዙ በገበያ ቀን ቆሞ ሲያራግፍ ልጁ ከብቶቹን ትቶ ይሄድና መኪናውን በክንዱ ይለካል። ሾፌሩ ሌባ መስሎት አባሮት ያውቃል። እሱ በሚለካበት ሰዓት ከብቶቹ የጎረቤት ገብስ ገቡ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አባትየው ካሳ ከፈሉ። ልጁ የሠራውን የሽቦ መኪናም ነጥቀው ቆጥ ላይ ሰቀሉት። አልፈርድባቸውም፤ ካሳው ከባድ ነበር። ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ምስጋናዬ የከበረ ነው።

ጨርቁን ልግለጠው። ይኸውና።

ልጁን እንዴት ሠራኸው ብዬ ጠየቅኩት። «ለአንድ ክንድ አንድ ጣት» አለኝ። መኪናው 15 ክንድ ቢሆን ሽቦውን 15 ጣት አደረገው። ጎማው ሁለት ክንድ ስለሆነ ሁለት ጣት የሚሆን ነገር ፈለገ። ከሸበጥ ሊቆርጥ አሰበና ይተልቅብኛል ብሎ ተወው፤ የለስላሳ ቆርኪ ሲለካ ሁለት ጣት ሆኖ አገኘው። ሾፌሩን ከጭቃ ሠራው፣ ቁመቱ አራት ጣት ነው። እስቲ ከክርናችሁ እስከ መካከለኛው ጣታችሁ ጫፍ ጣት በጣት ለኩ። ሃያ አራት ገደማ ይሆናል አይደለም? እንግዲያው ይህ መኪና 1፡24 ነው። በውጭ አገር አሰባሳቢዎች የሚገዟቸው ትልልቅ መኪናዎች ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ ለገሃር ይተልቃል፤ ነገር ግን ከጎማው እስከ ሾፌሩ አንድ ልክ ነው። እኛ በገንዘብ ያልገዛነውን እሱ ከብት እየጠበቀ አገኘው፤ እርግጥ በደንብ አልጠበቀም።

«የአባትህ ክንድ ይረዝም የለም ወይ?» ብዬ ልፈትነው ሞከርኩ። «የአባባን ክንድ ከወሰድኩ ጣቱንም የአባባን መውሰድ አለብኝ» አለኝ። ክንድና ጣት ከአንድ ሰው ከሆነ ልኩ አይፈርስም ማለቱ ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ጋሼ፣ መኪናው የእርስዎው እጅ ላይ ነው፤ ወደ ቆጡም ይመልሱት፣ ለልጁም ይስጡት፣ አልጫንዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ልጁ ሁለተኛ መኪና በእርስዎ ክንድና በእርስዎ ጣት ሊሠራ ይፈልጋል፤ መጠየቁን ግን ፈርቷል። በሚመጣው የገበያ ቀን አይሱዙው ሲቆም አብረውት ይሂዱ። ሾፌሩም እርስዎን አያባርርም። ከብቶቹን እኔ እጠብቃለሁ።