የይዘት እገዳ

የይዘት እገዳ ማለት አንድ ማኅበራዊ ሚዲያ አንዳንድ ምስሎች ወይም ሌሎች ይዘቶች እንዳይወጡበት መከልከሉ ነው። ተምብለር የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የወሲብ ምስሎችን አገደ። ታዲያ የሚያጣራው ማሽን ስለነበር ነውር የሌለባቸው ሥዕሎችም አብረው ታገዱ።

የይዘት እገዳ የይዘት ፈጣሪዎችን እንዴት ይጎዳል? ለምሳሌ በወልድያ ገበያ አንዲት በርበሬ ሻጭ ደንበኞቿ የሚያገኟት በመደቧ ነው። መደቡ ግን የእሷ አይደለም። ድንገት ተነሺ ብትባል በርበሬዋን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ደንበኞቿን ግን ይዛ መሄድ አትችልም። የይዘት ፈጣሪም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ሲዘጋ ተከታዩም ገቢውም እዚያው ይቀራል። ልጆችን ከእንዲህ ያሉ ምስሎች መጠበቅ በእርግጥ ተገቢ ነው፤ ያለ ይግባኝ የሚጣል የይዘት እገዳ ግን ያላጠፋውንም ሰው እንጀራ ይነካል። ፈጣሪዎች ይዘታቸውን ለተከታዮቻቸው የሚሸጡበት ኦንሊፋንስ የተባለው ድረ ገጽም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተምብለር ጋር ተመሳሳይ እገዳ አስታውቆ ነበር፤ ፈጣሪዎች አጥብቀው ሲቃወሙ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወ።