ቡናውን ያመጣው ሰው

ተመራቂ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

የጋበዘኝ ወጣት «ጋሼ፣ ስለ ስኬት ይናገሩልን» ብሎኝ ነበር። ስለ ስኬት የሚናገር ሰው በዚህ ከተማ አልጠፋም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይና ማኅተም ስመታ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ጎን ለጎን ልቦለድ ጽፌያለሁ፤ የተጠራሁትም ለዚያ እንጂ ለማኅተሙ እንዳልሆነ አላጣሁትም። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ሥራ ይዤ፣ ልጆች እያሳደግሁ መቼ እንደጻፍሁ ይጠይቀኛል። ጎህ ሳይቀድ ነው የጻፍሁት። ሌላ ሰዓት አልነበረኝም።

ይህን ነገር ከማን እንደተማርሁ ልንገራችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል የአንድ እንግሊዛዊ ግለ ታሪክ አገኘሁ። አንቶኒ ትሮሎፕ ይባላል። የገዛሁት ደራሲ ስለሆነ አልነበረም፤ ገለጥ ሳደርገው ፖስታ ቤት የሚል ቃል ስላየሁ ነው።

ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ፖስታ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አለቆቹን እንዳማረረ ነው ያሳለፋቸው፤ አንዱ ክሱም ማርፈድ ነበር። ልብ በሉ፣ ማርፈድ! በ1841 ወደ አየርላንድ ሲዛወር ግን ሰው ሆነ። በፈረስ እየዞረ የፖስታ መስመር ይመረምር ጀመር። በኋላም ደብዳቤ የሚከተትበት ሣጥን መንገድ ዳር ይተከል ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው፤ በ1852 በጀርሲ ደሴት ተሞከረ። ይህን የምነግራችሁ ከርዕሴ ጋር ስለሚገናኝ ሳይሆን የሙያ ወንድሜ ስለሆነ ነው።

ሰውየው በሕይወቱ 47 ልቦለዶች ጽፏል። ፖስታ ቤቱን የለቀቀው በ1867 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የጻፈው ሁሉ የመንግሥት ሥራውን ሳይተው የጻፈው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የትናንቱን ያነባል። ከዚያ የኪስ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ሦስት ሰዓት ያህል ሠርቶ ቁርሱን ይበላና ወደ ቢሮው። ከሞተ በኋላ በ1883 ግለ ታሪኩ ሲታተም ብዙ አንባቢ ቅር አለው፤ ጥበብ በሰዓት ትሰፈራለች ወይ ብሎ። እኔም የ250 ቃሉን ነገር አልመክራችሁም፤ አብዝቶታል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ ዋልተም ክሮስ በሚባል ቦታ ሲኖር ፈረሶቹን የሚጠብቅለት አንድ ሽማግሌ ሎሌ ነበረው። በየሌሊቱ እየቀሰቀሰ ቡና የሚያመጣለት እሱ ነው። ለዚህ ብቻ ከደመወዙ በላይ በዓመት 5 ፓውንድ ይከፍለው ነበር። ሽማግሌው በዚያ ቤት በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ ቡናውን አንድም ቀን አላዘገየም። ትሮሎፕም ላገኘው ስኬት ከማንም ይበልጥ የዚያ ሰው ባለዕዳ ሳይሆን እንደማይቀር በመጽሐፉ አስፍሯል። አስቡት እስቲ፤ ታላቁ ደራሲ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀመጥ ያ ሰው ስንት ሰዓት ነው የተነሳው? እሳት ማንደድ አለ፤ ውኃ ማፍላት አለ፤ በክረምት ደግሞ የእንግሊዝ ብርድ አለ። የተነሳበትን ሰዓት የጻፈለት የለም።

በየቤታችሁም ይህ ሰው አለ። አንዳንዶቻችሁ ዓይናችሁ ወደ እናታችሁ ሲሄድ አየሁ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አስቡ። ያ ሁሉ ሸክም የሚለቀመው መቼ ይመስላችኋል? በየሰፈሩ ለምሳ ዕቃ እንጀራ የምታጥፈዋን የቤት ሠራተኛ አስቡ። «ማለዳ ተነስቼ ራሴን ልለውጥ» የሚል ወጣት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በቤትህ ካንተ ቀድሞ የሚነሳው ማነው ብዬ ነው። አያውቅም። ተኝቶ የኖረ ሰው እንዴት ያውቃል?

እኔን የቀሰቀሰችኝ እናቴ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ስነሳ ምድጃው ተያይዟል፣ ጀበናው ተጥዷል። ክፍያዋ 5 ፓውንድ አልነበረም፤ የጻፍሁትን ቁርስ ላይ ሲነበብላት መስማት ነበር። አንድ ጊዜ ሚስቱን ትቶ ስለሄደ ሰውዬ ጽፌ አነበብሁላት። ጀበናውን አስቀመጠችና «ይሄ ሰውዬ እንዲህ አይልም፤ የሚሄድ ሰው ንግግር አያበዛም» አለችኝ። ሁለት ገጽ ንግግር ወደ አንድ መስመር ወረደ። ሃያሲዎች ያንን ቦታ ወደውልኛል፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም።

ስለዚህ ምክሬ የሚጀምረው ከእሳቱ ነው። ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን እሳቱን እናንተ አያይዙ፤ ቡናውን እናንተ ለእናታችሁ አድርሱ። ከዚያ በኋላ ሥዕልም ሣሉ፣ ክራርም ምቱ።

ማለዳው ለስፖርትም ይሆናልና እሱን በአጭሩ ልበል፤ ከእኔ ይልቅ የሚያስተምራችሁ መስቀል አደባባይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ብትሄዱ ደረጃው ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚሮጠውን ታገኛላችሁ፤ አትሌቱ አለ፣ ቦርጩን ለመቀነስ የመጣ ሹፌር አለ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትራመድ እናት አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት ቀን ሲከፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። በጨለማ ብቻችሁን አትውጡ፤ በተለይ ሴቶች ልጆቼ፣ ጓደኛ ያዙ።

ጨለማ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልቆጣ። ለንደን ውስጥ በዓመቱ መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ክረምት ከበጋ ፀሐይ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች። ያ ሽማግሌ በመብራት ክረምቱን ሲዘልቅ እኛ ብርሃኑ መስኮት ላይ ቆሞ እየጠበቀን ብርድ ልብስ እንስባለን። አንተ ከኋላ ስልክ የምትነካካው ልጅ፣ አዎ አንተን ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ እንደዚሁ እንደምትነካካ ዓይንህ ይመሰክራል። ሌሊት 11 ሰዓት ለመነሳት ማታ 4 ሰዓት መተኛት ነው። ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ። ከእንቅልፍ ተሰርቆ የተገኘ ማለዳ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ሲያንጎላጅ ይገኛል። ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጉትና ርካሽ የደወል ሰዓት ግዙ። ነርስ የምትሆኑ ግን ይህ አይመለከታችሁም። ከአዳር ተረኝነት የወጣ ሰው ይተኛ እንጂ ማንንም አይስማ፤ እኔንም ጭምር።

ደግሞ አውቃለሁ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሳይነጋ የአውቶቡስ ሰልፍ ይይዛል። የእናንተን ማለዳ መንገዱ ወስዶታል። ትሮሎፕ ግን «ባርቼስተር ታወርስ» የተባለውን ልቦለዱን በአብዛኛው የጻፈው ባቡር ውስጥ ነው፤ ጭኑ ላይ ሰሌዳ አድርጎ፣ በእርሳስ። ሚስቱ ናት በኋላ የገለበጠችለት። የእኛ አውቶቡስ ውስጥ እንኳን ለመጻፍ ለመተንፈስም ቦታ የለም የሚለኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። መቀመጫ በተገኘባት ቀን ትጻፍ።

ምን እንጻፍ ካላችሁኝ፣ ልቦለድ አልላችሁም፤ ገበያውን አውቀዋለሁ። ደብዳቤ ጻፉ! በዚህ ጉዳይ ልጆቼ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። በልጅነቴ የሰፈር ደብዳቤ አንባቢ ነበርሁ። ወታደር ልጅ ያላቸው እናቶች ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኝ ነበር። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል፤ አያት፣ ጎረቤት፣ በሬ ሳይቀር በስም ይጠየቃል። ያንን ሁሉ በስም ለመጥራት ሰውየው ተቀምጦ ቤቱን በሐሳቡ ዞሮታል ማለት ነው። እናንተ ግን ለእናታችሁ የምትልኩት «ደና ነሽ?» ነው፤ ያውም «ህ» ጎድላው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለምትሠራው እህታችሁ በማለዳ አንድ ገጽ በእጃችሁ ጻፉላት፤ የሰፈሩን መንገድ መስፋት፣ የጎረቤቱን ሰርግ፣ የሽንኩርቱን ዋጋ። በፖስታ መስደድ ካልተቻለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፤ እዚህ ላይ የፖስታ ቤት ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ። እንዴት እንደሚጻፍ የምትማሩት እዚያ ነው፤ ሰው እየናፈቃችሁ ስትጽፉ ቃል አታባክኑም።

የተሰጠኝን ደቂቃ እንዳለፍሁ መድረክ መሪዋ በዓይኗ እየነገረችኝ ነው። ዛሬ ማታ ድግስ አለ፤ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ የምል ጨካኝ አይደለሁም፤ ከሰኞ ይሁን። ግን ዶሮውን ሲገነጥሉ፣ ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ ያደሩት እናቶች እዚህ ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለቱ እኔ ስናገር እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አልተቀየምሁም። ፎቶውን ቶሎ ቶሎ ተነሱና ወደ ቤት ውሰዷቸው። ዛሬ ሳህኑን የሚያጥበው ጋዋን የለበሰው ነው።