ቴምብሩን ከፖስታው አትለዩት
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቍራጭ ወረቀት ነው። ቍራጭ ወረቀት ስላችሁ ነገሩን ንቃችሁ ሬዲዮናችሁን እንዳትዘጉ እለምናችኋለሁ። ከመዳፍ የማይበልጥ፥ አንዳንዱም ከአውራ ጣት ብዙ የማይሰፋ ወረቀት፥ ትልቅ ቤት ከነቦታው ቢሸጥ የማያስገኘውን ገንዘብ ሲያስገኝ በዓለም ላይ ታይቷልና።

ይህን እንድናገር ያነሣሡኝ በአቃቂ በሰቃ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው በምድር ባቡር ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ሲያርፉም ትንሽ ቤትና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ደብዳቤ ትተውላቸዋል። ባለፈው ዓመት ቴምብር እገዛለሁ የሚል አንድ ሰው ወደ ቤታቸው ይመላለስ ጀመር። «ቴምብሮቹን በመቀስ እየቈረጡ ያዘጋጁልኝ፤ ፖስታውን ግን አልፈልገውምና እሳት ያያይዙበት» አላቸው። እርሳቸውም ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሏቸው ስለ ነበረ መቀሱን አነሡ። ነገር ግን የባለቤታቸው የእጅ ጽሕፈት ያለበትን ወረቀት መቍረጡ ሆዳቸውን አላስችለው ብሎ፥ ጎረቤታቸው የሆነውን ዘመዴን ልከው አስጠሩኝ።

«ልጄ፤ አንተ በሬዲዮ የምትናገር ሰው ነህና ይህን ሳታውቅ አትቀርም። ልቍረጠው ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

«እማማ፤ ለጊዜው መቀሱን ያስቀምጡት» አልኋቸው። ምክንያቱን በዚያን ቀን አሳጥሬ ነው የነገርኋቸው። ዛሬ ግን ለእርሳቸውም፥ እንደ እርሳቸው ያለ ቆርቆሮ በቤቱ ላለው ሁሉ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር እንነሣ። በአሜሪካ የሲጃራ ፋብሪካዎች ሲጃራው በወረቀት ፓኮው ውስጥ እንዳይሰበር ጠንከር ያለ ካርድ ይጨምሩበት ነበር። ኋላም በካርዱ ላይ የታወቁ ሰዎችንና የኳስ ተጫዋቾችን ሥዕል ያትሙበት ጀመር። ልጆችም ካርዱን ከአባቶቻቸው እየለመኑ፥ እርስ በርሳቸውም እየተለዋወጡ ያጠራቅሙት ነበር። ከእነዚህ ካርዶች ሁሉ ስሙ የገነነው ሆነስ ዋግነር የተባለው የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ያለበት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1909 እስከ 1911 ከሲጃራ ጋር የወጣው ካርድ ነው። ዋግነር ሥዕሉ እንዳይታተም ስለ ተቃወመ ፋብሪካው ኅትመቱን ቶሎ አቆመ። የተቃወመበትን ምክንያት አንዳንዶች ልጆች በእርሱ ሰበብ ትምባሆ እንዳይገዙ አስቦ ነው ሲሉ፥ ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ስላልተከፈለው ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ዛሬ በእጅ የሚገኘው ካርድ 60 ያህል ብቻ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በ2022 በ7 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ተሸጧል። በዚያው ዓመት ሚኪ ማንትል የተባለው ተጫዋች በ1952 የወጣ ካርዱ 12 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ዶላር አወጣ። የሚያስገርመው፥ ይህን ካርድ ያሳተመው ኩባንያ ሳይሸጥ የቀረውን ብዙ ካርቶን በ1960 ቦታ አጣበበብኝ ብሎ በጀልባ ጭኖ ባሕር ውስጥ ጥሎታል ተብሎ መነገሩ ነው።

እንግዲህ የዋጋው ምሥጢር በሥዕሉ ማማር እንዳይደለ ከዚህ ይታያል። ፊተኛው ነገር ብርቅነቱ ነው። ሁለተኛው ጕዳት ሳያገኘው መቈየቱ ነው፤ ጥግ ጥጉ ያልታጠፈ፥ ያልተላጠ፥ ቀለሙ ያልደበዘዘ ካርድ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ማዕርግ እየተመዘነ፥ በአንዲት ማዕርግ ልዩነት ብቻ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነተኛነቱ ነው፤ ብዙ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ አስመሳይ አያጣምና።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ የሲጃራ ካርድ ልማድ ሆኖ አልቈየም። እኛ በልጅነታችን ያጠራቀምነው ቆርኪና የከረሜላ ልጣጭ ነው፤ የከረሜላውን ልጣጭ በጥፍራችን እያለሰለስን በደብተር ቅጠል መካከል እናስቀምጠው ነበር። ሆኖም የዓለም ሰብሳቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈልጉት የኖሩት፥ ከዚህ ካርድ ጋር በጠባዩም በንግዱም የሚመሳሰል ነገር በአገራችን አለ። ይኸውም ቴምብር ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 በፓሪስ ታተሙ። ቅርጹን የቀረጸው ለፈረንሳይ መንግሥትም ቴምብር የቀረጸው ኤዠን ሙሾን ነው። ቴምብሮቹ 7 ዓይነት ናቸው። የሩብ፥ የግማሽ፥ የ1 እና የ2 ግርሽ የሆኑት የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ የ4፥ የ8 እና የ16 ግርሽ የሆኑት ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። ያን ጊዜ 16 ግርሽ አንድ ብር ነበረና የመጨረሻው ቴምብር አንድ ሙሉ ብር ያወጣ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ብር ለደብዳቤ የሚያወጣ ሰው ምን ያህል የከበደ ጕዳይ ቢኖረው ነው? እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ቍም ነገር ይህ ነው። እነዚህ ቴምብሮች የመጀመሪያዎቹ በመሆናቸው ብዙ ሰው ከሁሉ የበለጠ ውድ ይመስሉታል። ነገር ግን ማኅተም ያላረፈበት ንጹሕ ቴምብር እንደሚታሰበው ብርቅ አይደለም። ገና ከጅምሩ በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ብዙ ስለ ተሸጠ፥ ዛሬም አንዱን በጥቂት ዶላር መግዛት ይቻላል። ብርቁስ የትኛው ነው ብትሉ፥ በእውነት ከዐዲስ አበባ ወይም ከሐረር ተነሥቶ፥ በመልእክተኛና በበቅሎ ተጕዞ፥ ማኅተም አርፎበት እስከ ፖስታው ሳይነጠል የተገኘው ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ማኅበር ውስጥ የገባችው በ1901 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከአገራችን ወሰን አልፎ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ እስከ ወሰኑ ድረስ የእኛን ቴምብር፥ ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ደግሞ የጅቡቲን የፈረንሳዮች ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። የሁለት መንግሥት ቴምብርና የሁለት መንግሥት ማኅተም ጎን ለጎን የሚታይበት እንዲህ ያለው ፖስታ፥ ደብዳቤው በየት በኩል እንዳለፈና በስንት ቀን እንደ ደረሰ ይመሰክራል። ቴምብሩን ከላዩ ብታነሡት በእጃችሁ የሚቀረው በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ነው፤ ምስክሩ ጠፍቷል።

የአቃቂ ሰዎችን ነገሩ በተለይ የሚመለከታቸው ስለ ምድር ባቡሩ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ ዐዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት ያህል ሐዲዱ በአቃቂ ቆሞ ሳለ፥ ከዚያ እስከ ዋና ከተማው የቀረው መንገድ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበረ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ከድሬዳዋና ከጅቡቲ የሚመጣው ደብዳቤ በዚህች ጣቢያ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። በባቡሩ ያገለገሉት ሰዎች ቤተ ሰባቸውን በአንዱ ጣቢያ ትተው በሌላው የሚሠሩ ስለ ነበሩ መጻጻፍ ግዴታቸው ነበር። በየጓዳው ያለው ቆርቆሮም የመጣው ከዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ሌላውን ለመምከር አፍ አይኖረኝም። አያቴም የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ደብዳቤዎቻቸውን ከሣጥን አውጥቼ ቴምብሩን በለብታ ውሃ ዘፈዘፍሁት፤ ሲላቀቅም በመስኮት መስተዋት ላይ እያደረቅሁ በደብተር ለጠፍሁት። ፖስታውን እናቴ ከሰል ስታቀጣጥል እየወሰድሁ እጨምርላት ነበር። አሳብሬ የጨረስሁት አንድ ሙሉ ሣጥን ነው። ዓመታት አልፈው ደብተሩን ለአንድ ዐዋቂ ሰብሳቢ ባሳየሁ ጊዜ፥ ሽማግሌው ሰውዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፥ «ይህኛው ከየት የተላከ ነው?» አሉኝ። በቴምብሩ ጥግ የማኅተሙ ሩብ ብቻ ቀርቶ ነበርና ሦስት ፊደል ብቻ ይነበብ ነበር። አያቴ በዚያ ዓመት የት ጣቢያ እንደ ነበሩ፥ ለማን እንደ ጻፉ፥ ያን ቀን ለማወቅ ብፈልግም የሚነግረኝ ወረቀት አልነበረም። ከሰሉ ወስዶታል። ሽማግሌው አልተቈጡኝም፤ ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ አስመሳይም ጥቂት ልበል፤ ሰው የሚታለልበት ይህ ነውና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 በፊተኞቹ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል፥ በተከታዩም ዓመት «መልክት» የሚል ጽሑፍ በእጅ ማኅተም ተመታባቸው። የእጅ ማኅተምን አስመስሎ መቅረጽ ቀላል ስለ ሆነ፥ ተንኰለኞች ርካሹን ንጹሕ ቴምብር እየገዙ ሐሰተኛ ማኅተም እየመቱ ውድ አድርገው ሸጠውታል። እንደዚሁም በ1919 በስዊስ አገር በበርን ከተማ ቀጭኔ፥ ነብር፥ ሰጎን፥ ዝሆንና ሌሎችም የዱር አራዊት የተሣሉባቸው እጅግ ያማሩ ቴምብሮች ታትመው ነበር። እነዚህ ኋላ እንደገና ስለ ታተሙ ዛሬ በገበያ የሚታየው አብዛኛው ሁለተኛው ኅትመት ነው። ጀርባውን መገልበጥ ይበቃል፤ የፊተኛው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን፥ የኋለኛው ግን ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። ፊቱን አይቶ የሚገዛ ሰው ለዝሆኑ ውበት ይከፍላል እንጂ ለቴምብሩ አይከፍልም።

ወደ አቃቂዋ እናት ልመለስ። ከአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቆርቆሮውን ከፍተን አብረን አየነው። እውነቱን መናገር ስለሚገባኝ፥ እንደ አሜሪካው ካርድ ሚሊዮን የሚያወጣ ነገር አላገኘንበትም። አብዛኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በብዛት የታተመ ቴምብር ነው፤ ተነጥሎ ቢሸጥ የሚያወጣው ጥቂት ነው። እንዲያውም ሰውዬው በመቀስ አስቈርጦ ሊወስደው የፈለገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ተራ ቴምብር በውጭ አገር ተደባልቆ በሚዛን ይሸጣልና። የፖስታዎቹ ነገር ግን ልዩ ነው። አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ከየጣቢያው የላከው ደብዳቤ፥ ቀኑና ማኅተሙ ሳይጐድል፥ በአንድ ቦታ በተራ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ስብስብ በአንድነቱ ካልሆነ በስተቀር ዋጋው አይታወቅም።

አሠራሩን ለጠየቁኝም ለሌሎችም የምነግረው አጭር ነው። ፖስታውን እንዳለ ተዉት፤ አታጥፉት፥ በፕላስተር አትለጥፉት፥ በእስክሪብቶ አትጻፉበት። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቃችሁ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት። የተቀደደውን አትጠግኑት፥ የቈሸሸውን አትጠቡት። ደብዳቤው በውስጡ ካለ ከውስጡ አታውጡት። ገዢ ሲመጣም በመጀመሪያው ቀን አትሽጡለት። ዐዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና፥ በዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ሄዶ የአገሩን ቴምብር ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ያየ ሰው፥ በቤቱ ያለው ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ በገዛ ዓይኑ ሊያስተያይ ይችላል።

የትምህርት ቤቱ ክፍያስ? የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ልጅቱ ትምህርቷን ትታ ፖስታ ይጠበቅ ማለት ቀልድ ይሆናል። በቆርቆሮው ግርጌ ቀድሞውኑ ተላቀው የወደቁ ብዙ ቴምብሮች ስለ ነበሩ እነርሱን ለሰውዬው ሸጡለት። ገንዘቡ ክፍያውን በሙሉ አልሸፈነም፤ የጐደለውን ከዕድራቸው ተበደሩ። ሰውዬው ስለ ፖስታዎቹ ዳግመኛ ሲጠይቃቸው፥ «እነርሱ የባሌ ናቸው» ብለው መለሱለት።

አሁን የልጅ ልጃቸው በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የሚነበበውን ቀንና የጣቢያ ስም በደብተር ትመዘግባለች። ማኅተሙ የደበዘዘባትን አያቷ በዚያ ዓመት ባሏ የት እንደ ነበሩ እያስታወሱ ይነግሯታል። ባለፈው እሑድ ስሄድ 41ኛው ላይ ደርሳ ነበር።