ፈረሱ ጡረታ ሲወጣ

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ፈረስና ስለ ጠባቂው ነው። ፈረሱ ቫሌግሮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ ተወለደ፤ የሠለጠነው ግን በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሻየር ነው። ሥራው ድሬሳዥ የሚሉት ውድድር ነበር፤ ይኸውም ፈረሱ ጋላቢው በሚሰጠው እጅግ ረቂቅ ምልክት ብቻ እርምጃውን፣ ሶምሶማውንና ግልቢያውን በልክ የሚያሳይበት ነው። በ2012 በለንደን፣ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። በ2014 በሙዚቃ በሚደረገው ውድድር ከመቶ 94.3 አግኝቶ የዓለም ሪኮርድ ሰበረ። በ2016 መጨረሻ፣ በ14 ዓመቱ፣ በለንደን በብዙ ሕዝብ ፊት ተሰናበተ።

በጋዜጣ የወጣው የፈረሱና የጋላቢዋ ስም ነው። ኮቴውን የሚያጸዳው፣ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝም አብሮት የሚሄደው ግን አለን ዴቪስ የሚባል ጠባቂ ነበር። በጥንቱ አጠራር ባልደራስ ብንለው አይበዛበትም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የፈረስ ጡረታ ለጠባቂው ዕረፍት አይደለም። ለዓመታት የጠነከረ ጡንቻ በአንድ ቀን ሥራ ቢያቆም ጀርባውን የሚደግፈው ኃይል ይላላል፤ ስለዚህ ሥራው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ቫሌግሮም ከስንብቱ በኋላ በቀላሉ ይጋለብ ነበር። መብል ወዳድ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው! ሥራ የቀነሰ ፈረስ እንደ ልቡ ለምለም ሣር ቢግጥ ይወፍራል፤ ኮቴው ውስጥ የሚነሣ ብርቱ ሕመም ይይዘዋል፤ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ፈረሱን የሚወድ ሰው መከልከልንም ማወቅ አለበት። የፈረስ ጥርስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣና እየተፋቀ ይኖራል፤ ሲያረጅ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ድርቆሹን አኝኮ ሳይውጥ ይጥለዋል። የተጣለውን ድርቆሽ አስቀድሞ የሚያየው ሐኪሙ አይደለም፤ ጋጣውን የሚጠርገው ሰው ነው። በየጠዋቱ እግሩን የሚዳስስ እጅም ሙቀቱንና እብጠቱን ፈረሱ ከማነከሱ በፊት ያውቀዋል።

ፈረሱስ ምን ያውቃል? ፈረሶች ጋማው በሚያልቅበት ስፍራ እርስ በርሳቸው በጥርስ ይተካከካሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት የሰው እጅ ይህንኑ ስፍራ ሲያክ የፈረሱ የልብ ምት ዝግ እንደሚል አሳይቷል። በ2016 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ፈረሶች በፎቶግራፍ የተቆጣ ፊት ሲያዩ፣ ሳቂታ ፊት ከሚያዩበት ጊዜ ይልቅ የልባቸው ምት ፈጥኖ እንደሚጨምር አገኙ። ሜዳሊያውን አያውቅም፤ እጁንና ፊቱን ግን ያውቃል።

ይህን ለእናንተ ለምን አነሣሁ? በከተሞቻችን ጉልበታቸው ያለቀ የጋሪ ፈረሶች በአስፋልት ዳር ተጥለው ታያላችሁ። ባለጋሪውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የልጆቹን ቀለብ ከፈረሱ ጉልበት የሚያገኝ ሰው የማይሠራ ፈረስ በምኑ ይቀልባል? በግሎስተርሻየር ገንዘብ ነበረ።

ጋሪና ፈረስ ለቤተሰብ መተዳደሪያ በሚሰጥበት ዕቅድ ላይ የፈረሱ መግዣ ይጻፋል። የእርጅናው ቀለብስ? በሚመጣው በጀት አንድ መስመር እንዲገባለት እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ሐኪም ጥርሱንና እግሩን በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያይ፣ ጭነቱ የሚቀነስበት ዕድሜ እንዲወሰን፣ ከጋሪው ገቢም በየሳምንቱ ጥቂት እንዲቀመጥለት ነው። ልኩን ለመወሰን ባለጋሪዎቹን ራሳቸውን ጠርተን እንጠይቅ፤ ሌሊት ተነሥተው ፈረሱን የሚያበሉት እነርሱ ናቸውና።