ለክንዳችንም ጸልዩ

በጣና ሐይቅ ላይ ለደሴቶቹ ነዋሪዎች መድኃኒት በጀልባ ስናመላልስ ጉልበታችን የሚጠነክር ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን የምንውለው ተቀምጠን ነው። አንድ ቀን ምጥ የያዛት እናት አሳፍረን ስንመጣ ሞተሩ ጠፋ። መቅዘፍ ጀመርን፤ ብዙም ሳንሄድ ክንዳችን ዛለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቲቱ በደኅና ደረሰች፤ እኛ ግን አፈርን።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከመሳፈራችን በፊት እንሮጣለን። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ከቆላ የመጣን ሁሉ ቀስ ብለን ጀመርን። ሐይቁ ውስጥ ግን አንዋኝም፤ በዳርቻው ሣር መካከል ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ፤ ጉማሬም አለ። ባሕር ዳር ስንመለስ በመዋኛ ገንዳ እንዋኛለን።

እንግዲህ ስትጸልዩልን ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን ለክንዳችንም ጸልዩ።